ፎስፈረስን ከአፈር የሚያላቅቁ ባክቴሪያዎች ለመኖ ሣራችን ምን ያህል ይጠቅማሉ?

ላም አርቢ ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። ከአዘዞ ከፍ ብሎ በሚገኝ ተዳፋት ቀይ መሬት ላይ የዝሆን ሣርና ደሾ ተክዬ እያጨድኩ የወተት ላሞቼን እቀልባለሁ። ሣሩ በመጀመሪያው ክረምት ያማረ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከአጨዳ በኋላ የሚያቆጠቁጠው እየቀጨጨ፣ የታችኛው ቅጠልም ጠርዙ ወደ ሐምራዊ እያደላ መጥቷል። አፈሩን አስመርምሬ የተሰጠኝ ውጤት እንደሚለው ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ዝቅ ሲል አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ5 ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል፤ ተክል ሊጠቀምበት የሚችለው ፎስፈረስ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ፎስፈረስ ግን ያን ያህል አያንስም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል አልገባኝም። በዚህ መካከል አንድ ነጋዴ «የታሰረውን ፎስፈረስ የሚፈታ ባክቴሪያ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማዳበሪያ መግዛት አያስፈልግዎትም» ብሎ በጠርሙስ የታሸገ ፈሳሽ አቅርቦልኛል። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ሰዎች ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የአፈር መምህር

እትዬ፣ ከሁሉ በፊት አፈርዎን ማስመርመርዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለዚያ ውጤት ይህ ሁሉ ውይይት በግምት ላይ የቆመ ይሆን ነበር።

ሁለቱ ቁጥሮች አይጋጩም። ተክል ፎስፈረስን የሚወስደው በአፈሩ ውኃ ውስጥ በሟሟ ፎስፌት መልክ ብቻ ሲሆን፣ የዚህ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር የአፈር ውኃ ከአንድ ሚሊ ግራም በታች ነው። የቀረው በሙሉ ከማዕድናት ጋር ተጣብቆ ወይም በብስባሽ ውስጥ ተይዞ ይገኛል። እንደ እርስዎ ባለ አሲዳማ ቀይ አፈር ውስጥ የሚይዙት ብረትና አልሙኒየም ናቸው፤ ፒኤቹ ከፍ ባለ አፈር ውስጥ ደግሞ ካልሲየም ይይዘዋል። ጎተራው ሳይጎድል በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ማዳበሪያ ሲጨመርም ዕጣው ይኸው ነው፤ በተጨመረበት ዓመት ሰብል የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው።

ባክቴሪያዎቹ በእርግጥ አሉ፤ ሥራቸውም በደንብ የተጠና ነው። ባሲለስ፣ ሱዶሞናስ፣ ኢንቴሮባክተር፣ ፓንቶያ፣ በርክሆልደሪያ የሚባሉት ወገኖች በብዛት ይጠቀሳሉ፤ ከሻጋታዎችም አስፐርጂለስና ፔኒሲሊየም ይህን ሥራ ይሠራሉ። የሚፈቱትም በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው አሲድ በማመንጨት ነው፤ ለምሳሌ ሱዶሞናስ ከሥሩ የሚወጣውን ግሉኮስ ወደ ግሉኮኒክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ይህ አሲድ በዙሪያው ያለውን ፒኤች ከማውረዱም በላይ ፎስፈረሱን አስሮ የያዘውን ካልሲየም ይነጥቃል። ሲትሪክና ኦክሳሊክ አሲድ ደግሞ ብረትንና አልሙኒየምን የመያዝ አቅማቸው ከግሉኮኒክ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለቀይ አፈር የሚፈለገው እነዚህን የሚያመነጭ ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው መንገድ ፎስፋቴዝና ፊቴዝ በሚባሉ ኢንዛይሞች አማካይነት ነው። ከአፈር ፎስፈረስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሲሶ በላይ የሚሆነው፣ አንዳንዴም ከግማሽ የሚበልጠው፣ በብስባሽ ውስጥ ያለ ነው፤ ይህን ወደ ፎስፌት የሚመልሱት ኢንዛይሞቹ ናቸው።

ይህን ካልኩ በኋላ ነጋዴው የነገሩዎትን ቃል መቀበል እንደሚከብደኝ በግልጽ ልናገር። ባክቴሪያ ፎስፈረስን ይፈታል እንጂ አይፈጥርም። ናይትሮጅንን ከአየር መውሰድ ይቻላል፤ በአገራችን ለባቄላና ለሽምብራ የሚቀርበው ህያው ማዳበሪያ ራይዞቢየም የሚሠራው ይህንን ነው። ፎስፈረስ ግን በአየር ውስጥ የለም፤ ከማሳው የወጣው ካልተመለሰ መጠኑ ይቀንሳል፤ ባክቴሪያውም መቀነሱን የበለጠ ያፈጥነዋል።

የደንቢያ ልጅ

መምህር፣ ስለ ማብራሪያዎ አመሰግናለሁ። የእኛ መሬት ግን ወደ ጣና የሚወርደው የደንቢያ ሜዳ ዋልካ ስለሆነ ከእትዬ ቀይ አፈር ጋር አይገናኝም። በቆላ ድባ በኩል ከጤፍና ከሽምብራ የተረፈውን መሬት ለመኖ ሣር ማዋል ጀምረናል፤ ስለዚህ ለዋልካም የሚሆን ነገር ቢኖር ለማወቅ እፈልጋለሁ።

የአፈር መምህር

ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። በዋልካ ፒኤቹ ወደ ገለልተኛው የቀረበ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ፎስፈረሱን በአብዛኛው የሚይዘው ካልሲየም ነው። ካልሲየም ፎስፌት በአሲድ በቀላሉ ስለሚሟሟ፣ ለባክቴሪያ የተመቸው ዋልካ ነው ብሎ ማሰብ ይቀልላል። ነገር ግን ዋልካ ጭቃው የበዛ፣ አንዳንድ ጊዜም የኖራ ፍርፋሪ ያለበት ስለሆነ የሚገባበትን አሲድ ቶሎ ያረክሰዋል። በህንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ባክቴሪያ በሚበቅልበት የቤተ ሙከራ ምግብ ላይ ፎስፈረስን ግሩም አድርገው የሚያሟሙ ባክቴሪያዎች፣ የዋልካን ያህል አሲድ የመቋቋም ኃይል ያለው ቅይጥ ሲቀርብላቸው መልቀቅ አቅቷቸዋል። ይህን ተቋቁሞ የሚሠራ ባክቴሪያ በኋላ የተገኘው ከርግብ አተር ሥር ዙሪያ ነው። ስለዚህ ለደንቢያ የሚሆነው በደንቢያ ዋልካ ላይ ተፈትኖ ያለፈ እንጂ በጠርሙሱ ላይ «ለማንኛውም አፈር» ተብሎ የተጻፈበት አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ አፈር ሲያስመረምሩ የትኛው ዘዴ እንደተሠራበት ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የብሬይ ዘዴ ለአሲዳማ አፈር፣ በ1954 የወጣው የኦልሰን ዘዴ ደግሞ ለገለልተኛና ለኖራማ አፈር የታሰቡ ናቸው። በአንዱ ዘዴ የተገኘን ቁጥር ለሌላው በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ማንበብ ትልቅ ስህተት ላይ ይጥላል።

ተመራማሪ ተማሪ

እኔ በማይክሮባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን በመሥራት ላይ ነኝ፤ መምህር የጀመሩትን ከቤተ ሙከራው ወገን ልቀጥል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚለዩት አብዛኛውን ጊዜ ፒኮቭስካያ የተባለች የሶቪየት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባዘጋጀችው ምግብ ላይ ነው። ምግቡ የማይሟሟ ትራይካልሲየም ፎስፌት ስላለበት ነጭና ደፍራሳ ነው፤ ከሥር ዙሪያ የተወሰደው አፈር በውኃ ተበጥብጦ፣ ደጋግሞ ቀጥኖ ሲዘራበት፣ ፎስፈረስን የሚያሟማው ባክቴሪያ በዙሪያው ጥርት ያለ ክብ ያበጃል። ክቡ ሲታይ ያስደስታል፤ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥም የሥራው መደምደሚያ ሆኖ ይቀርባል።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ትራይካልሲየም ፎስፌት በአፈር ውስጥ ካሉት የፎስፈረስ ዓይነቶች ሁሉ በቀላሉ ከሚሟሙት አንዱ ነው፤ በቀይ አፈር ውስጥ ያለው ደግሞ የብረትና የአልሙኒየም ፎስፌት ነው። ባሻንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ነጥብ በጥብቅ አንስተዋል፤ ባክቴሪያ የሚመረጠው አገልግሎት ለሚሰጥበት አፈር በሚስማማ የፎስፌት ዓይነት ነው፤ ከዚያም በተክል ላይ መፈተን አለበት ብለዋል። እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እትዬ፣ ፈሳሹን የሚሸጠውን ሰው በየትኛው አፈርና በየትኛው ሣር ላይ እንደተፈተነ ቢጠይቁት፣ መልሱ ብዙ ነገር ይነግርዎታል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ባክቴሪያ ተጨምሮለት ሣር ሲያድግ ምክንያቱ የግድ ፎስፈረስ መለቀቁ አይደለም። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ኦክሲን የተባለውን የእድገት ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ይህ ሆርሞን የጎን ሥሮችንና የሥር ፀጉሮችን ያበዛል። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ የሚጓዘው እጅግ በዝግታ ስለሆነ፣ ሥሩ በዙሪያው ከጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ያለውን ከጨረሰ በኋላ ወደ አዲስ አፈር መዘርጋት አለበት። ስለዚህ ሥሩ የበዛ ሣር፣ ባክቴሪያው አንዲት ቅንጣት ፎስፈረስ ባይፈታም እንኳ፣ ብዙ ፎስፈረስ ሊያገኝ ይችላል። ለገበሬው ውጤቱ ያው ሊመስለው ይችላል፤ ለምርጫ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አግሮኖሚስት ከደባርቅ

ይህ ሐሳብ አዲስ እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በሶቪየት ኅብረት ፎስፎባክተሪን የሚባል፣ ባሲለስ ሜጋቴሪየም ከተባለው (በዛሬ ስሙ ፕሪስቲያ ሜጋቴሪየም) ባክቴሪያ የተዘጋጀ ህያው ማዳበሪያ ለዓመታት በሰፊው ተሠራጭቶ ነበር። የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ፈትነውት እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ዘገባ ግን አስተማማኝ የምርት ጭማሪ አላገኙበትም። በሌላ በኩል፣ የብራዚል የእርሻ ምርምር ተቋም ኤምብራፓ ለብዙ ዓመታት ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት የባሲለስ ዝርያዎችን የያዘ ምርት በመጀመሪያ ለበቆሎ አቅርቧል፤ የብራዚል መሬት ደግሞ እንደ እኛ ቀይ አፈር ብረትና አልሙኒየም የሞላበት ነው። እዚያው አገር ብራካሪያ ሣር ላይ አዞስፒሪለም የተባለውን ባክቴሪያ በመጨመርም የመኖ ምርት ማሳደግ ተችሏል፤ የዚህኛው ዋና ሥራ ግን ሥርን ማብዛትና ናይትሮጅንን ማገዝ ነው። ከሁለቱ ታሪኮች የምረዳው ባክቴሪያው የሚሠራበት ቦታና ሁኔታ መኖሩን ነው፤ ያንን ቦታና ሁኔታ ደግሞ በሙከራ እንጂ በማስታወቂያ አናገኘውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ እትዬን የሚነካው ይህ ነውና። ከአንድ ሄክታር በዓመት 10 ቶን ደረቅ ሣር ቢታጨድና በሣሩ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ 0.2 በመቶ ቢሆን፣ ከማሳው 20 ኪሎ ግራም ፎስፈረስ ወጣ ማለት ነው። ይህ በአንድ ኩንታል ዳፕ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው መጠን ነው፤ ኤንፒኤስ በተባለው ማዳበሪያ ደግሞ 120 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ከብቱ ማሳው ላይ ቢግጥ ኖሮ አብዛኛው እዚያው ይቀር ነበር፤ ታጭዶ ወደ በረት ሲሄድ ግን ማሳው ባዶ ይቀራል። እንግዲህ ሣርዎ ከእያንዳንዱ አጨዳ በኋላ እየቀጨጨ የመጣው ለምን እንደሆነ ግልጽ ይመስለኛል።

ይህ ፎስፈረስ ወዴት ሄደ? ወተት በሊትር ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ፎስፈረስ አለው። በቀን 10 ሊትር የምትሰጥ ላም በ300 ቀን 3 ኪሎ ግራም ያህል ከወተቱ ጋር ወደ ከተማ ትልካለች። የቀረውን በአብዛኛው የምትጥለው በእበቷ ነው፤ የሚያመሰኩ እንስሳት በሽንታቸው የሚያስወጡት ፎስፈረስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከማሳው የወጣው ፎስፈረስ ትልቁ ክፍል አሁን በበረትዎ ደጃፍ ተከምሮ ይገኛል።

ወገራ

አግሮኖሚስቱ በተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ በወገራና በዳባት በኩል እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ማገዶ የለምና ማንም ሊወቀስበት አይገባም። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይጠፋል፤ ፎስፈረሱ ግን በአብዛኛው በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱ ደግሞ አሲዳማነትን ይቀንሳል። አመዱን መንገድ ዳር ከመድፋት ወደ ሣሩ ማሳ መመለስ ምንም ወጪ የለውም። እናቶቻችን ለጓሮ ጎመን የሚያደርጉት ነገር ለመኖ ሣርም ይሠራል። ቅጠሉ ሐምራዊ መሆኑን በተመለከተም፣ በደጋው ብርድ ብቻውን ይህን ቀለም ሊያመጣ ስለሚችል፣ እንደ እኛ ያለ ቦታ ያለ አፈር ምርመራ በቀለሙ ብቻ መፍረድ አይገባም።

የእንስሳት ሐኪም

ውይይቱ ስለ ሣር ቁመት ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሣሩ የሚታጨደው ለላም ነው፤ የሣሩ ፎስፈረስ ሲያንስ ላሟም ይጎድልባታል። አጥንት የምታኝክ፣ ጨርቅና ድንጋይ የምትልስ፣ ወልዳ ለረጅም ጊዜ ኮርማ የማትፈልግ ላም ስታጋጥመኝ በመጀመሪያ ከማስባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በደቡብ አፍሪካ አርኖልድ ቴይለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ባደረጉት ምርምር፣ ፎስፈረስ ባነሰው ግጦሽ ላይ የሚውሉ ከብቶች የሞቱ እንስሳትን አጥንት እያኘኩ በቦቱሊዝም መርዝ እንደሚሞቱ አረጋግጠዋል፤ የጎደለው ፎስፈረስ ሲሰጣቸው አጥንት ማኘኩን ተዉ፤ ሞቱም ቀረ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ማሳሰቢያ አለኝ። ባክቴሪያው ሥርን በማብዛት ብቻ ሣሩን ቢያሳድገው፣ ያው ፎስፈረስ በበዛ ገለባ ላይ ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ ኪሎ ሣር ውስጥ ያለው መጠን ሊቀንስ ይችላል። ሣሩ ረዝሞ ላሟ ግን የባሰ ልትጎዳ ትችላለች። ስለዚህ የሣሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን የፎስፈረስ ይዘቱም መለካት አለበት፤ ከ0.2 በመቶ በታች የሆነ ሣር ለምትታለብ ላም ብቻውን አይበቃም፤ ተጨማሪ ማዕድን ያስፈልጋታል። ፉርሽካና ፋጉሎ ከሣር የተሻለ ፎስፈረስ ስላላቸው፣ እነርሱን የሚቀልቡ ሰዎች በከፊል ይህን እየሸፈኑ ነው።

አጥንት ፈጭተው ለማዳበሪያ ለማዋል የሚያስቡ ካሉም፣ በአሲዳማ አፈር ላይ ጥሩ የፎስፈረስ ምንጭ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ከሞተ ከብት የተወሰደ አጥንት በፍጹም አይነካ። የአባሰንጋ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሕይወት ይቆያል።

ላም አርቢ ከአዘዞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እበቱን በከፊል ለኩበት፣ በከፊል ለጓሮ አትክልት ነበር የማውለው፤ ከእንግዲህ አብዛኛውን ለሣሩ እመልሳለሁ። ይሁን እንጂ ባክቴሪያውንም ቢሆን ሳልሞክር መተው አልፈልግም። በራሴ መሬት ላይ የማያሳስት ሙከራ እንዴት ላድርግ? ኖራ ከጨመርኩስ አብሮ ይሄዳል?

የአፈር መምህር

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ከኖራ ልጀምር። በእርስዎ ፒኤች የአልሙኒየም መርዛማነት ራሱ ሥሩን ያሳጥረዋል፤ ባክቴሪያውም የሚመገበው ከሥሩ የሚወጣውን ስኳር ስለሆነ፣ ሥር በሌለበት ባክቴሪያ ብቻውን ምንም አያደርግም። ፒኤቹን ወደ 5.5 ከፍ ማድረግ አልሙኒየሙን በአብዛኛው ያስቆመዋል። ኖራውን ግን ከመትከል አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ እንጂ ከባክቴሪያው ጋር በአንድ ቀን ማገናኘት አይገባም። ኤንፒኤስም ቢሆን ከባክቴሪያው ጋር በአንድ ዕቃ አይቀላቀል።

ለሙከራው አዲስ ደሾ በሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ከያዘ በኋላ ይትከሉ። መሬትዎ ተዳፋት ስለሆነ ከላይ ያለው አፈር ከታችኛው ይለያል፤ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች አራት እርከን ያውጡና በእያንዳንዱ እርከን ላይ እኩል ስፋት ያላቸው አራት መደቦች ያዘጋጁ። አንዱ መደብ ምንም የማይጨመርበት ነው፤ ሁለተኛው ፍግ ብቻ ያገኛል፤ ሦስተኛው ፍግና ሕያው ባክቴሪያ፤ አራተኛው ደግሞ ፍግና የተገደለ ባክቴሪያ ያገኛል። የመደቦቹ ቅደም ተከተል በየእርከኑ በዕጣ ይወሰን። ብዙዎች የሚተዉት አራተኛውን መደብ ነው፤ በጠርሙሱ ውስጥ ከባክቴሪያው ሌላ ስኳርና ንጥረ ነገር ስላለ፣ ሣሩን ያሳደገው የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ግን እርሱ ብቻ ነው። ባሲለስ ከሆነ ስፖር የሚባል ሙቀት የሚቋቋም ጠንካራ ቅርፅ ስለሚሠራ ተራ ፍላት አይገድለውም፤ በፕሬዠር ኩከር ለግማሽ ሰዓት ያህል መቀቀል ያስፈልገዋል። ያው ስፖር ነው በሱቅ መደርደሪያ ሙቀት ላይ እንዲቆይ የሚያስችለው፤ ሱዶሞናስ ግን ይህ አቅም የለውም።

ከመግዛትዎ በፊት በጠርሙሱ ላይ የባክቴሪያው ስም፣ የመጠቀሚያው ጊዜና በሚሊ ሊትር ያለው ቁጥር መጻፉን ያረጋግጡ። በህንድ ደንብ ለፈሳሽ ዝግጅት የሚፈለገው በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ነው። ሲጠቀሙም በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውኃ አይሁን፤ የዝናብ ወይም የምንጭ ውኃ ይሻላል። የደሾውን የሥር ክፋይ በጥላ ሥር ለግማሽ ሰዓት ነክረው፣ ፀሐይ ሳይመታው ማታ ወይም በደመና ይትከሉ። ሕያው ባክቴሪያ ያላገኙትን መደቦች አስቀድመው ይትከሉ፤ እጅዎና መኮትኮቻው ባክቴሪያውን እንዳያዛምቱ።

የእንስሳት ሐኪም

አጨዳው በሁሉም መደቦች በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁመት ይሁን። ከየመደቡ የተመዘነው ሣር ላይ አንድ እፍኝ ቆርጠው፣ አፈር እንዳይነካው ተጠንቅቀው፣ በወረቀት ከረጢት በጥላ ያድርቁት፤ በፕላስቲክ ከተያዘ ይሻግታል። የወሰዱት ቅጠል ዕድሜ ከመደብ ወደ መደብ ከተለያየ የፎስፈረሱ ቁጥር ትርጉም ያጣል፤ ሣር ሲያረጅ ይዘቱ ስለሚወርድ ነው።

ተመራማሪ ተማሪ

እትዬ፣ ከጠርሙሱ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ እንዳለ ላስታውስ። በዚያው ቀይ መሬት ላይ ምንም ሳይጨመርለት ለምለም ሆኖ የቆየ ሣር በድንበር ወይም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ዙሪያ አይጠፋም። በእንዲህ ያለ ሣር ሥር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አሲዱንም፣ አልሙኒየሙንም፣ የጎንደርን ረጅም በጋም የለመዱ ናቸው። ፈቃድ ጠይቀው፣ ሥሩን ከተጣበቀበት አፈር ጋር በማንኪያ ቆፍረው፣ ሳይታጠብና ሳይደርቅ በንጹሕ ከረጢት ያስገቡት፤ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አቆይተው በማግስቱ ካደረሱልኝ በብረትና በአልሙኒየም ፎስፌት ምግብ ላይ ዘርቼ አያቸዋለሁ። የደንቢያው ወንድሜም ከዋልካው ሌላ ከረጢት ቢልክልኝ ሁለቱን ጎን ለጎን እፈትናለሁ።